ኒንጁትሱ፡ የስለላ ጥበብ ወይስ የፍልሚያ ስልት?

ኒንጁትሱ በጃፓን ለስለላ፣ ሰርጎ ለመግባትና ለድንገተኛ ጥቃት ሲያገለግል የቆየ የዕውቀትና የክህሎት ስብስብ ነው። በአሁኑ ወቅት በበርካታ አገሮች ራስን የመከላከያ ስልጠና ሆኖ ይሰጣል። ስልጠናው በእውነተኛ ፍልሚያ ምን ያህል ያዋጣል የሚለው ጥያቄ ግን የማርሻል አርት ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ጥያቄው ለወግ ያህል የሚነሳ አይደለም፤ ስለት የያዘ ሰው ሲያጋጥመው በተማረው ተማምኖ የሚቆም ሰልጣኝ ሕይወቱን የሚያስይዝበት ነውና።

ለክርክሩ ዋነኛ መነሻ የሆነው አንድ ስያሜ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መዋሉ ነው። የጥንቱ ኒንጁትሱ ማዕከላት ዛሬ በሚኤና በሺጋ ግዛቶች የሚገኙት ኢጋና ኮካ የተሰኙ አካባቢዎች ነበሩ። የኢጋ ተዋጊዎች እ.ኤ.አ. በ1579 የኦዳ ኖቡካትሱን ጦር ተራራማውን መልክዓ ምድር ተገን በማድረግ መልሰውታል። አባቱ ኦዳ ኖቡናጋ በ1581 እጅግ የላቀ ኃይል በተለያዩ አቅጣጫዎች አሰልፎ ሲዘምት ግን ሊቋቋሙት አልቻሉም። የሙያው ብልጫ ፊት ለፊት በመግጠም ሳይሆን ባለመታየትና በማዘናጋት ላይ የተመሠረተ እንደነበር ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1676 የተጠናቀረው ባለ 22 ቅጽ ባንሰንሹካይ የተባለ መድበልም ይህንኑ ያጠናክራል። መድበሉ ስለ መረጃ አሰባሰብ፣ ማንነትን ደብቆ ጠላት ዘንድ ስለ መግባት፣ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ መሣሪያዎችና ስለ እሳት አጠቃቀም በስፋት ሲያትት፣ ለባዶ እጅ ፍልሚያ ራሱን የቻለ ክፍል አልመደበም።

ዛሬ በዚሁ ስም የሚሰጠው ስልጠና በአብዛኛው የሚመነጨው እ.ኤ.አ. በ1931 ከተወለዱት ማሳአኪ ሃትሱሚ ነው። የመሠረቱት ቡጂንካን የተባለ ድርጅት ዘጠኝ የስልት ፈለጎችን ያቀፈ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የኒንጁትሱ ናቸው የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የመምህራቸው የቶሺትሱጉ ታካማትሱ የትምህርት ሐረግ በታሪክ ምሁራን ዘንድ ጥያቄ ይነሳበታል። ሆኖም የአንድ ስልት ጥንታዊነት ውጤታማነቱን ስለማያረጋግጥ ይህ ለተያዘው ጉዳይ ብዙም አይረዳም።

የጉዳዩ ቁም ነገር ያለው በልምምዱ ላይ ነው። በተለመደው የቡጂንካን ልምምድ አጥቂው አንድ ቡጢ ይሰነዝራል፤ ተከላካዩም ስልቱን ደረጃ በደረጃ ፈጽሞ ይጥለዋል። አጥቂው ምቱን አይደግምም፣ ላለመውደቅም አይታገልም። ለአምስተኛ ዳን በሚሰጠው ፈተና ተፈታኙ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ከኋላው በመለማመጃ ሰይፍ የሚሰነዘርበትን ምት ሳያይ እንዲያመልጥ ይጠበቃል። ይህ ንቃትን ያሳይ ይሆናል፤ ከሚታገል ሰው ጋር የመግጠም ችሎታን ግን አይለካም።

ደጋፊዎች በበኩላቸው የጎዳና ጥቃት ሕግና ዳኛ እንደሌለው፣ ዓይንንና ጉሮሮን የሚያጠቁ ስልቶችም በውድድር ሊፈተኑ እንደማይችሉ ይገልጻሉ። ዓላማው ማሸነፍ ሳይሆን አምልጦ መውጣት መሆኑንም ያክላሉ። የመጨረሻው ነጥብ ከጥንቱ ጥበብ ጋር የሚስማማ በመሆኑ ተገቢ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያው ግን እዚያው ጃፓን ውስጥ ምላሽ ካገኘ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የጁዶውን ኮዶካን ሲመሠርቱ አደገኛ ስልቶችን ከነጻ ትግል ልምምድ አውጥተው፣ የቀሩትን ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ በሙሉ ኃይላቸው እንዲሞክሯቸው አድርገዋል። በሚታገል ሰው ላይ በየዕለቱ የተሞከረ ቀላል ስልት፣ በሐሳብ ብቻ ከሚታወቅ አደገኛ ስልት ይልቅ በጭንቅ ሰዓት አስተማማኝ ነው።

ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተካሄደው ሦስተኛው የዩኤፍሲ ውድድር ነው። በኒንጁትሱ ሰልጣኝነት የቀረበው የነብራስካ ፖሊስ ስቲቭ ጄነም ውድድሩን አሸንፏል። ነገር ግን የገባው በተጠባባቂነት፣ የተፋለመውም በፍጻሜው ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ውድድር የቀረበ ሌላ የኒንጁትሱ ተወዳዳሪ በሰከንዶች ውስጥ ተሸንፏል። ሁለት ግጥሚያዎች ለየትኛውም ወገን በቂ ማስረጃ አይሆኑም።

ከዚህ ፈለግ የወጡ አንዳንድ አሰልጣኞች ጓንትና መከላከያ ልብስ በማስገባት አጥቂው በነጻነት የሚመታበትን ልምምድ ጀምረዋል፤ በነባሮቹ ዘንድ ግን ይህ አሠራር የጥበቡን መንፈስ ይቀይራል በሚል ሙሉ ተቀባይነት አላገኘም።