ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ
(ስለ ድመት ቀለብ ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ)

የታሪክ መጻሕፍት የነገሥታቱን ግብር በሰፊው ይተርኩልናል እንጂ የጓዳውን ነገር እምብዛም አያነሡም። ይሁን እንጂ ማን ምን በላ፣ ማን አበላው፣ ዋጋውንስ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ መሆኑን የሚክድ ተማሪ ዛሬ ያለ አይመስለንም። እኛም በዚህ እትም ከጓዳው ነዋሪዎች አንዷን፣ ድመትን፣ መርጠናል። «ስንት የሚጻፍ ነገር እያለ ድመት ደግሞ ምኗ ይጻፋል?» የሚለን አይጠፋም። ግዴለም፣ ታግሦ ያንብበንና ከዚያ በኋላ ይፍረድብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ድመት የሚያሳድጉ ሰዎች ዛሬ በሁለት ጎራ ተከፍለው ይሟገታሉ። አንደኛው ወገን፣ ድመት በተፈጥሮዋ አዳኝ ስለሆነች ጥሬ ሥጋ፣ ሲቻልም ሙሉ አይጥ ወይም ጫጩት ከነአጥንቱና ከነሆድ ዕቃው ይሰጣት ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ጥሬ ነገር በሽታ ያመጣልና ከፋብሪካ የወጣ የተመጣጠነ ምግብ ትብላ ባይ ነው። የሚገርመው ሁለቱም ታሪክን ምስክር መጥራታቸው ነው። አንዱ «ጥንት እንዲህ ነበረች» ሲል ሌላው «ዘመን ተሻሽሏል» ይላል። ታዲያ ምስክሩ ራሱ ቀርቦ ቢጠየቅ ምን ይል ይሆን?

እንደ እኛ አስተያየት የድመትን ቀለብ በየዘመኑ የወሰነው የእሷ ሆድ ሳይሆን የሰው ኢኮኖሚ ነው። ሆዷ ግን እንደ ነበረ ነው። በቀለቧና በሆዷ መካከል ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር ዕዳውን የከፈለችው ድመቷ ናት። ይህንን በየተራ ለማየት እንሞክራለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ከጎተራ እስከ ቤተ መቅደስ

ሰው እህል ማምረትና ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፣ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። የዛሬ የቤት ድመቶች በሙሉ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ከሚገኝ አንድ የዱር ድመት ዝርያ የወረዱ መሆናቸውን በ2007 የወጣ የዘር ምርመራ አሳይቷል። የመጀመሪያይቱ ድመት የየትኛው አገር ገበሬ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። በ2004 ይፋ እንደ ሆነው ግን በቆጵሮስ ደሴት፣ 9,500 ዓመት ያህል ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ፣ አንድ ሰውና አንዲት ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው ተገኝተዋል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት በጀልባ ያሻገራት ሰው መሆን አለበት።

በዚያን ጊዜ በሰውና በድመት መካከል የነበረው ውል ግልጽ ነው። ሰው ቀለብ አይሰፍርላትም፤ ደመወዟ አይጡ ራሱ ነው። አይጥ ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ አጥንት ነው፣ ጉበት ነው፣ ልብ ነው፣ ደም ነው። ድመት ይህን ሁሉ በአንድ ጉርሻ ታገኛለች። ይህችን ነጥብ አንባቢያችን እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ውሉ ከጥንት ጀምሮ ይሸራረፍ እንደ ነበር የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በሰሜን ቻይና በአንዲት የገበሬዎች መንደር የተገኙና 5,300 ዓመት ገደማ የሆናቸው የድመት አጥንቶች ሲመረመሩ ድመቶቹ እህል የበሉ አይጦችን ይበሉ እንደ ነበር ታወቀ። ከእነሱ አንዷ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ሥጋና የበዛ እህል መብላቷ ታየ፤ ወይ የሰው ፍርፋሪ ትለቅም ነበር፣ ወይ ደግሞ የሚያበላት ነበረ ማለት ነው። እነዚህ ድመቶች የዛሬዋ የቤት ድመት እናቶች ሳይሆኑ የእስያ የዱር ድመት ዘመዶቿ መሆናቸው በ2016 ተረጋግጧል። የሆነ ሆኖ የሰው መንደር የድመትን ገበታ እንደሚለውጥ ያስረዱናል።

የግብፅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በክርስቶስ ልደት ዋዜማ በነበረው ክፍለ ዘመን ግብፅን የጎበኘው ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ፣ የተቀደሱትን ድመቶች የሚጠብቁ ሰዎች እንጀራ በወተት እየፈተፈቱ በጥሪ ድምፅ ጠርተው እንደሚያቀርቡላቸው፣ ወይም የዓባይን ዓሣ ቆራርጠው በጥሬው እንደሚያበሏቸው ጽፏል። እንግዲህ በጽሑፍ ከተረፉልን የድመት ቀለብ ዝርዝሮች አንዱ ይህ ነው፤ ጥሬውም ፍትፍቱም አብረው አሉበት። ይኸው ጸሐፊ ድመት የገደለ አንድ ሮማዊ በሕዝብ ቁጣ ሲሞት ማየቱን፣ በረሃብ ዘመንም ግብፃውያን የተቀደሱትን እንስሳት ከመንካት እርስ በርሳቸው ተበላሉ እንደሚባል ይነግረናል። ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የእንስሳ ቀለብ ጥያቄ ከሰው ረሃብ ጥያቄ ተለይቶ እንደማያውቅ ያመለክታል።

ያቺ የተቀደሰች ድመት መጨረሻዋ ምን ሆነ? በ1890 ከግብፅ መቃብሮች የወጣ 19 ቶን ያህል የድመት በድን በመርከብ ተጭኖ እንግሊዝ ሊቨርፑል ወደብ ደረሰ፤ ለእርሻ ማዳበሪያ ተሸጠ። ቅድስናው በቶን ተመዝኖ ሸቀጥ ሆነ። እኛም መርከቡን ተከትለን ወደ እንግሊዝ እንሻገር።

፪. የለንደን ፈረስና የፖስታ ቤት ድመት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሄንሪ ሜይሁ የተባለ ጋዜጠኛ የለንደንን ድሆችና የመንገድ ነጋዴዎች ሕይወት እየዞረ ጠይቆ ጻፈ። ካነጋገራቸው መካከል የድመት ሥጋ አዟሪዎች ይገኛሉ። እሱ እንደ ገመተው ያን ጊዜ በከተማይቱ 300,000 ያህል ድመቶች ነበሩ፤ በአንድ ቤት አንድ ድመት ማለት ነው።

ሥጋው ከየት መጣ? ከፈረስ። የለንደን ጋሪና ሠረገላ የሚጎተተው በፈረስ ነበረ። ፈረሱ ሲያረጅ ወይም ሲሰበር ወደ ማረጃው ግቢ ይነዳል፤ ቆዳው ለፋቂ፣ አጥንቱ ለማዳበሪያና ለሙጫ፣ ሥጋው በትላልቅ ጋን ተቀቅሎ ለአዟሪ ይሸጣል። አዟሪው በቁራጭ እንጨት ላይ እየሰካ በየደጃፉ በፔኒና በግማሽ ፔኒ ይቸረችረዋል። እስኪሞት የሠራ ፈረስ ከሞተ በኋላም ትርፍ ማስገኘቱን አላቋረጠም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሥጋው ጥሬ አልነበረም፤ የተቀቀለ ነበር። ሁለተኛ፣ አጥንቱ ተለይቶ ለሌላ ገበያ ሄዷል። ድመት ያገኘችው ገበያው ከከፋፈለው እንስሳ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ኖረች ቢባል፣ ሌሊት ወጥታ አይጧን ስለምትይዝ ነው እንላለን። የገበያውን ጉድለት የምትሞላው በራሷ አደን ነበር።

መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበር። በ1868፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት ዓመት መሆኑ ነው፣ የለንደን ፖስታ ቤት የሐዋላ ክፍል ኀላፊ አይጥ ወረቀት እየበላ ስላስቸገረው ለሦስት ድመቶች በሳምንት 2 ሽልንግ ይፈቀድልኝ ብሎ አመለከተ። የበላይ አለቃው 1 ሽልንግ ብቻ ፈቀደ፤ የቀረውን ከአይጦቹ ያግኙ አለ። በስድስት ወር ውስጥ አይጡ ካልቀነሰም ከአበሉ ላይ እንደሚቆረጥ አስጠነቀቀ። ነገሩ ያስቃል፤ ግን የጥንቱ ውል በቢሮ ቋንቋ መጻፉ ነው፤ ግማሹ ደመወዝ በገንዘብ፣ ግማሹ በአይጥ።

፫. አይጥ የሌለበት ጎጆ

አይጡ ጨርሶ ሲቀር ምን እንደሚመጣ በዚያው በለንደን ታየ፤ የታየው ግን በድመት ሳይሆን በታላቅ ዘመዷ በአንበሳ ላይ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ በለንደን የአራዊት ማቆያ የሚወለዱ የአንበሳ ደቦሎች አጥንታቸው እየለሰለሰና እየተጣመመ ይሞቱ ነበር። የሚሰጣቸው ያረጀ ፈረስ ቀይ ሥጋ ነው፤ አጥንቱ ለልጅ ጥርስ አይበገርም። ቀዶ ሐኪሙ ብላንድ ሳተን ተጠርቶ ሲያይ፣ የተፈጨ አጥንት፣ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት ይጨመርላቸው አለ። ደቦሎቹ ተነሡ። ሥጋ እንዳይጎድልባቸው ተደርጓል፤ የጎደለው ከሥጋው የተለየው ነገር ነበር። ቀይ ሥጋ ብቻ የሚበሉ የቤት ድመት ግልገሎችም በካልሲየም እጦት አጥንታቸው እንደሚሰባበር ኋላ ተረጋግጧል። እንግዲህ «ሥጋ በል ናትና ሥጋ ስጧት» የሚለው ቀላል ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

በዚህ መካከል ፋብሪካው መጣ። አሜሪካዊው ጄምስ ስፕራት በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ1922 በአሜሪካ የፈረስ ሥጋ በቆርቆሮ ታሽጎ ለውሻ ቀረበ፤ መኪናና ትራክተር ሥራውን የቀሙት ፈረስ ወዴት እንደ ሄደ አንባቢ ይገምት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለጦር ዕቃ ሲፈለግ ፋብሪካዎቹ እህል ወደ በዛበት ደረቅ ምግብ ዞሩ። በ1947 ደግሞ በሚሺጋን ኤድ ሎው የተባለ ሰው ሸክላ መሰል አፈር ለድመት መጸዳጃ ሸጠ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ድመቷ ከዚያ በኋላ ደጅ የምትወጣበት ምክንያት አልነበራትም። ከአይጥ ጋር የነበራት የመጨረሻ ግንኙነት በዚህ ተቆረጠ። ያለፉትን ዘጠኝ ሺህ ዓመታት የሰው ቀለብ ሲጎድል ራሷ ትሞላ ነበር፤ አሁን ግን ሕይወቷ በሙሉ በአንድ ሳህን ላይ ተንጠለጠለ።

፬. የበሬ ሐሞት ምሥጢር

የጥሬ ሥጋ ደጋፊዎች ዘወትር የሚጠቅሱት የካሊፎርኒያውን ሐኪም ፍራንሲስ ፖተንጀርን ነው። እሱ ከ1932 እስከ 1942 በ900 ያህል ድመቶች ላይ ሙከራ አደረገ። ጥሬ ሥጋ የበሉት ሲጠነክሩ፣ የተቀቀለ የበሉት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመነመኑ በሦስተኛው ትውልድ ዘር መተካት እንዳቃታቸው ጻፈ። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው «እሳት ምግብን ይገድላል» ብሎ ደመደመ፤ እስከ ሰው ገበታ ድረስ ሊያደርሰውም የሞከረ አለ።

ፖተንጀር ያየውን አይቷል። ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። በ1975 ኬነዝ ሄይስና ባልደረቦቹ ከወተት በወጣ ፕሮቲን የተቀለቡ ድመቶች የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን እየበሰበሰ እንደሚታወሩ፣ ምክንያቱም ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር እጦት መሆኑን አሳዩ። ታውሪን በ1827 መጀመሪያ ከበሬ ሐሞት የወጣ ነው፤ ስሙም ከበሬ የመጣ ነው። ሰውና ውሻ በሰውነታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ድመት ግን ለራሷ የሚበቃትን መሥራት አትችልም፤ በሥጋ ውስጥ፣ ይልቁንም በልብና በአይጥ አካል ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበርና። ሥጋ በውሃ ሲቀቀል ታውሪኑ ከመረቁ ጋር ይወጣል። መረቁ ከተደፋ ታውሪኑም ተደፋ። እህል ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

የፋብሪካው ጎራም ቢሆን እጁ ንጹሕ አይደለም። የ1975ቱ ግኝት ከታወቀ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ፖል ፒዮንና ጓደኞቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጉድ አወጡ። በገበያ ላይ ያለውን፣ የተሟላ ነው የተባለውን ምግብ የሚበሉ ድመቶች ልባቸው እየሰፋና እየደከመ ይሞቱ ነበር፤ ታውሪን ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ዳኑ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች መጠኑን ጨመሩ፣ ያ የልብ በሽታም እጅግ ቀነሰ። ይህን ዕውቀት የገዛነው በማን ዓይንና በማን ልብ እንደ ሆነ መርሳት አይገባንም።

ታዲያ ወደ ጥሬው መመለስ ነው? እዚህም ታሪክ ያስጠነቅቀናል። በ1908 ቱኒስ ውስጥ በአንዲት አይጥ መሰል እንስሳ የተገኘው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ዑደቱን የሚፈጽመው በድመት አንጀት ውስጥ መሆኑ በ1970 ተረጋገጠ፤ ድመት የሚይዛት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ በመብላት ነው፣ ለነፍሰ ጡር ሴትም ያሰጋል። በ1940ዎቹ ጥሬ ዓሣ ብቻ የበሉ ድመቶች የቫይታሚን ቢ1 እጥረት እንደሚያጠቃቸው ታይቷል። በ2004 በታይላንድ አንድ የነብር ማቆያ ውስጥ ጥሬ ዶሮ የበሉ ከ140 በላይ ነብሮች በወፍ ጉንፋን አለቁ ወይም እንዲገደሉ ተደረገ። በ2024 መጨረሻም አሜሪካ ውስጥ በበረዶ ደርቆ የተሸጠ ጥሬ ምግብ የበላች የቤት ድመት በዚያው በሽታ ሞታለች። ማቀዝቀዣ ቫይረሱን አይገድለውም።

፭. ኮሶ የሌለው ቁርጥ

በዚህ ክርክር እኛ ኢትዮጵያውያን የምንለው አለን፤ የቁርጥና የክትፎ አገር ሰዎች ነንና። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ኮሶውንም ይጠጡ እንደ ነበር ነው። ጥሬው ትል ያመጣል፤ ኮሶው ትሉን ያወርዳል። ልማዱ ሙሉ የሚሆነው ከነመድኃኒቱ ነው። ቁርጡን ብቻ ነጥሎ «የአባቶች ምግብ» ማለት ግማሽ ታሪክ መናገር ነው።

የድመቱም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ከሱቅ የተገዛ ቀይ ሥጋ አይጥ አይደለም፤ ጥሬ መሆኑ ብቻ አይጥ አያደርገውም። ከአጥንቱ፣ ከጉበቱና ከልቡ የተለየ ሥጋ በለንደን ጋን የተቀቀለው ፈረስ ታናሽ ወንድም ነው። እንደዚሁም በከረጢት ላይ «የተሟላ» ተብሎ መጻፉ ብቻ የተሟላ አያደርገውም፤ 1987 ምስክር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ጥሬ ወይስ የበሰለ?» የሚለው አይመስለንም። መጠየቅ ያለበት ከሙሉው እንስሳ ምን ተነሣ፣ የተነሣውስ ተመልሷል ወይ፣ መመለሱንስ ከሻጩ ሌላ ማን መረመረ የሚለው ነው።

ሰው ድመትን ከጎተራ አውጥቶ በክፍል ሲዘጋባት አመንኩሷታል። ቆብ ግን አንጀት አይለውጥም። የእሷን የአደን ሥራ የወሰደ ሰው የአደኑንም ኀላፊነት አብሮ ወስዷል፤ አይጡ ይሰጣት የነበረውን አንድም ሳይቀር ቆጥሮ መስጠት አለበት። በአዲስ አበባም ጎተራ አይቶ በማያውቅ ፎቅ ቤት ድመት የሚያሳድግ እየበዛ ነውና ነገሩ የፈረንጅ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይህ የእኛ አስተያየት ነው። የሚቃወመን ካለ ማስረጃውን ይዞ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ቦታ እንለቅለታለን።