ጋሻው ከጦሩ በፊት

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ጉዳይ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሐኪም፣ ወደ ፋርማሲና ወደ ከብት እርባታ ነው። ተገቢ ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከአፈር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ባክቴሪያ ያራባበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቅሎ አገኘ። በሻጋታው ዙሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ሟሙተዋል። የፔኒሲሊን ጅማሬ ይህ ነው። መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ ግን፣ በ1940፣ ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ እንዳለ አስታወቁ። ጦሩ ሳይወረወር ጋሻው ተገኘ!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈንገስና ባክቴሪያ አፈር ውስጥ በአንድ ማዕድ የሚሻሙ ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ መርዝ ሲያመነጭ ሌላው መከላከያ ያበጃል። በ2011 ይፋ የሆነ ጥናት በካናዳ ዩኮን 30,000 ዓመት ገደማ በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር ውስጥ መድኃኒት የመቋቋም ዘረመሎችን አገኘ። በ2018 የወጣውና ከ189 የዓለም ቦታዎች አፈር የመረመረ ጥናት ደግሞ ፈንገስ በበረከተበት አፈር እነዚህ ዘረመሎችም በርክተው እንደሚገኙ አሳየ። ቀጫጭኖቹ የፈንገስ ክሮችም ለባክቴሪያ መተላለፊያ መንገድ ይሆናሉ። ባክቴሪያዎቹ በተገናኙ ቁጥር ዘረመል የመለዋወጥ ዕድላቸው ይሰፋል።

ታዲያ ሰው ነፃ ነው ማለት ነው? አይደለም። አፈር ውስጥ ይህ ፍልሚያ በየጓዳው፣ በጥቂት በጥቂቱ ነበር። ሰው ግን መርዙን አውጥቶ በቶን እያመረተ በየሆስፒታሉና በየበረቱ አፈሰሰው። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ከሚገባው መጠን ያነሰ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያላምደው አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬም «ተሻለኝ» ተብሎ ኪኒኑ በግማሽ ይተዋል።

ዘሩ ከአፈር ነው። ያዛመተው ግን ሰው ነው።