ሥዕል እንዲራመድ ያደረጉ እጆች

በኪርያት ሀሻሮን የምንኖር ወላጆች ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ካርቱን ስናይ ብዙ ዓመት ሆነን፤ ሥዕሉ እንዴት እንደሚራመድ ግን አብዛኞቻችን ጠይቀን አናውቅም። ሥራው ዛሬ በኮምፒዩተር ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን የእጅ ሙያ ነበርና ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በፊልም ላይ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ከተነሳ ለሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል፤ እንዲያም ሆኖ የ10 ደቂቃ ፊልም 7,200 ሥዕል ይፈልጋል። አሜሪካዊው ዊንዘር ማኬይ በ1914 ገርቲ የተባለችውን ዳይኖሰር ሲሠራ የማይንቀሳቀሰው ተራራና ድንጋይ ሳይቀር በየወረቀቱ ላይ እንደገና ይሣል ነበር። ይህን አሰልቺ ሥራ የተሸከመው አንድ ወጣት ረዳት ነው። በዚያው ዘመን ኤርል ኸርድ መላ አመጣ፤ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ ሴሉሎይድ በሚባል ብርሃን አስተላላፊ ስስ ፕላስቲክ ላይ መሣል፣ መልክዓ ምድሩን ደግሞ አንድ ጊዜ ሥሎ ከሥር ማኖር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተከፋፈለ። ሠዓሊው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይነድፋል። ወረቀቶቹ እንዳይዛነፉ ጫፋቸው ተበስቶ በትናንሽ ችካሎች ላይ ይሰካሉ፤ ጠረጴዛው ከሥሩ መብራት ስላለው የቀደመው ሥዕል በአዲሱ ወረቀት ላይ ይታያል። ቀጥሎ ሌላዋ መስመሩን በብዕር ወደ ሴሉሎይዱ ትገለብጣለች። ሦስተኛዋ ደግሞ መስመሩ እንዳይሸፈን በጀርባው በኩል ቀለም ትሞላለች። የጣት አሻራ እንዳያርፍም የጥጥ ጓንት ይደረጋል። በመጨረሻ ካሜራ ከላይ ሆኖ አንድ በአንድ ያነሳል።

«ሌላዋ» ማለታችን በምክንያት ነው። በዋልት ዲዝኒ ድርጅት መገልበጡና መቀባቱ የሴቶች ሥራ ነበር፤ በ1938 ሥራ ለጠየቀች አንዲት ሴት የፈጠራው ሥዕል ለወጣት ወንዶች ብቻ መሆኑን ድርጅቱ በደብዳቤ አስታውቋታል። በ1937 ስኖው ኋይትን የቀቡት ሴቶች ስም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ሴሉሎይዱም ብዙ ጊዜ ታጥቦ እንደገና ይሠራበት ስለነበር የእጃቸው ሥራ እንኳ ጠፋ። በ1961 በ«101 ዳልሜሽያንስ» የብዕሩን ሥራ የቅጂ መኪና ወሰደው፤ ቀለሙን ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ኮምፒዩተር።

በእኛ አገር በእስራኤል የመጀመሪያው ረጅም የአኒሜሽን ፊልም የተሠራው በሥዕል አይደለም፤ ዮራምና አሊና ግሮስ በ1962 የዮሴፍን ታሪክ በአሻንጉሊቶች ሠሩት፤ ቅርጹን ጥቂት ማንቀሳቀስ፣ ማንሳት፣ ደግሞ ማንቀሳቀስ።

የእጅ ቅርጽ ከተነሳ ጎንደር አጠገብ ያሉት የወለቃ እናቶቻችን ይታወሱናል። ማሰሮና ምጣዳቸውን የማይፈልግ ቤት አልነበረም፤ ሠሪዎቹ ግን ቡዳ ተብለው ይሰደቡ ነበር። ለጎብኚ የሚሸጡትን አንበሳ፣ ቄስ፣ ልጅ ያቀፈች እናት ከጭቃ አበጅተው ይተኩሱ ነበር። ከእነዚያ ቅርጾች ብዙዎቹ ዛሬ በሙዚየምና በሰው ቤት ይገኛሉ፤ የአብዛኞቹ ሠሪ ስም ግን የለም።

በየመደርደሪያችን ላይ እንዲህ ያለ ቅርጽ ያለን፣ እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ማን እንደሠራው እንጠይቃቸው፤ ከሥሩም የሠሪዋን ስምና መንደሯን በአማርኛና በዕብራይስጥ እንጻፍበት።