በሞተር ጀልባ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲገጠም ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በጣና ሐይቅ ላይ የሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች ዘወትር ከሚያጓጉዙት መንገደኛና ጎብኚ ሌላ በክብረ በዓል ቀን ምእመናንን ወደ ደሴት ገዳማት፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ሙሽሮችንና አጃቢዎቻቸውን ይጭናሉ። በእነዚህ ጊዜያት መዝሙሩም ሆነ ዘፈኑ፣ የአስጎብኚው ገለጻም ሆነ የነጂው የጥንቃቄ ማሳሰቢያ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ሊሰማ ይገባል። ለዚህም አምፕሊፋየርና ስፒከር ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ለቤት ወይም ለመኪና የሚበቃ አገጣጠም ለጀልባ አይበቃም። መኪና ውስጥ ገመድ ቢቃጠል መኪናውን አቁሞ መውረድ ይቻላል፤ ከባሕር ዳር ርቆ በሐይቁ መካከል ለተነሣ እሳት ግን መውረጃ የለውም። በሙዚቃ ያለቀ ባትሪም ከዚህ አይተናነስም። ነፋስ በተነሣ ሰዓት ሞተሩ አልነሣም ካለ፣ ጀልባውና የጫናቸው ሰዎች ለማዕበል ይጋለጣሉ። ስለዚህ ድምፅን የማጉላት ሥራና አደጋን የመከላከል ሥራ ተለያይተው የሚታዩ አይደሉም። ከፍ ያለና ጥርት ያለ ድምፅ የሚገኘው ትልቅ አምፕሊፋየር በመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ ስፒከሩን በአግባቡ መርጦ በተገቢው ቦታ በመስቀልና ከአምፕሊፋየሩ፣ ከገመዱና ከባትሪው ጋር በልኩ በማጣመር ነው።

ድምፅ በሐይቅ ላይ ለምን ይደክማል?

በቤት ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን እየመለሱ ያግዙታል። ክፍት በሆነ ጀልባ ላይ ግን የሚመልሰው ነገር ስለሌለ ድምፁ በየአቅጣጫው ተበትኖ ይሄዳል። በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከስፒከሩ 1 ሜትር ላይ የተለካ ድምፅ 8 ሜትር ላይ ሲደርስ 18 ዴሲቤል ያህል ያጣል ማለት ነው።

ብዙዎች ይህን ጉድለት የአምፕሊፋየሩን ዋት በመጨመር ለመሙላት ይሞክራሉ። ነገር ግን ዋቱን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ድምፁን በእጥፍ እንደ ጎላ አድርጎ እንዲሰማው ወደ 10 ዴሲቤል ጭማሪ ያስፈልጋል፤ ይህም 10 እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ባትሪው የሚጨርሰው በዚህ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ስፒከሩ

ስፒከር ሲገዛ ከዋቱ በፊት መታየት ያለበት፣ በ1 ዋት ኃይል 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚገልጸው ቁጥር ነው። መደበኛ የመኪና ስፒከር 90 ዴሲቤል ገደማ ሲያወጣ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ተሰቅሎ የሚታየው ጥሩምባ ቅርጽ ያለው ድምፅ ማጉያ 105 ዴሲቤል ገደማ ሊያወጣ ይችላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። የመኪናው ስፒከር 100 ዋት ቢሰጠው 1 ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል፣ 8 ሜትር ላይ 92 ዴሲቤል ያሰማል። ጥሩምባው 10 ዋት ብቻ ተሰጥቶት 1 ሜትር ላይ 115 ዴሲቤል፣ 8 ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል ይሰጣል። አንድ አሥረኛ በሆነ ኃይል የበለጠ ድምፅ ተገኘ ማለት ነው። በአንጻሩ ጥሩምባ ወፍራሙን የከበሮና የቤዝ ድምፅ አያወጣም። ስለሆነም ለገለጻ፣ ለስብከትና ለማሳሰቢያ ጥሩምባ፣ ለሙዚቃ ደግሞ በሣጥን የተገጠመ ባለ ሙሉ ድምፅ ስፒከር ይመረጣል።

በካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋትም ሊያታልል አይገባም። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መሣሪያው ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ እንጂ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል አይደለም። ቀላሉ መመርመሪያ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ የሚገኘው ፊውዝ ነው። ፊውዙ 20 አምፔር ከሆነ፣ በ12 ቮልት ባትሪ መሣሪያው ያለማቋረጥ የሚወስደው ከ240 ዋት ብዙም አይዘልም፤ ከዚህም ከፊሉ በሙቀት መልክ ይባክናል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ ቢጻፍ እምነት የሚጣልበት ቁጥር አይደለም።

የኦም ስሌት

በስፒከር ጀርባ 4 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። በአምፕሊፋየሩም ላይ ሊሸከም የሚችለው ዝቅተኛ ኦም ተጽፎ ይገኛል። የሚገናኙት ስፒከሮች ድምር ውጤት ከዚህ ቁጥር በታች መውረድ የለበትም።

ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በትይዩ፣ ማለትም ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቭ ጋር ሲገናኙ ውጤቱ 2 ኦም ይሆናል። በተከታታይ፣ ማለትም የአንዱ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ሲያያዝ ግን 8 ኦም ይሆናል። አራት ስፒከሮች ካሉ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አያይዞ ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ ማገናኘት ውጤቱን ወደ 4 ኦም ይመልሰዋል።

ለ4 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየር 2 ኦም ሲጫንበት ለጥቂት ጊዜ ጎላ ብሎ ይሰማ ይሆናል። ሆኖም የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ይግላል፤ ከዚያም ወይ ራሱን ያጠፋል ወይ ይቃጠላል። የአምፕሊፋየሩን ሁለት ቻናሎች አንድ አድርጎ ለአንድ ስፒከር መስጠት ሲፈለግም፣ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የስፒከሩን ኦም ግማሽ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ጥሩምባዎች ደግሞ በ100 ቮልት መስመር የሚሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ትራንስፎርመር ስላለ የሚታሰቡት በኦም ሳይሆን በተመረጠላቸው ዋት ነው። የሁሉም ጥሩምባዎች ዋት ሲደመር ከአምፕሊፋየሩ አቅም 80 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመከራል። ባለ 100 ቮልቱን ጥሩምባ በ4 ኦም መውጫ ላይ ማገናኘት ድምፁን ያኮስሰዋል፤ ተራውን ስፒከር በ100 ቮልት መስመር ላይ ማገናኘት ግን ስፒከሩን ወይም አምፕሊፋየሩን ያቃጥላል።

ባትሪው ስንት ሰዓት ይችላል?

200 ዋት ድምፅ የሚሰጥ ተራ አምፕሊፋየር ግማሹን ኃይል በሙቀት ስለሚያባክን ከባትሪው ወደ 400 ዋት ይወስዳል። ይህም በ12 ቮልት 33 አምፔር ገደማ ነው። አነስተኛ ሙቀት የሚያመነጩት ዲጂታል የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ለዚያው ድምፅ 21 አምፔር ገደማ ይበቃቸዋል። ሙዚቃ ከፍና ዝቅ ስለሚል አማካይ ፍጆታው የዚህ ሲሶ ያህል እንደሆነ ቢታሰብ፣ ተራው አምፕሊፋየር በሰዓት 11 አምፔር ያህል ይጠቀማል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ መውረድ ስለሌለበት፣ ለአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ያገለግላል።

ከሁሉም በላይ መጠበቅ ያለበት ሕግ ሞተር የሚያስነሣው ባትሪና ድምፅ የሚያጫውተው ባትሪ የተለያዩ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ሁለቱም ከሞተሩ ቻርጅ እንዲያገኙ ከተፈለገ፣ ሞተሩ ሲጠፋ የሚያለያያቸው ማብሪያ ወይም ሪሌ በመካከላቸው ይገባል። አነስተኛ የጀልባ ሞተሮች የሚያመነጩት የቻርጅ ኃይል ውስን ነው፤ ጭራሽ የማያመነጩም አሉ። ስለዚህ የድምፁን ባትሪ ከጉዞ በፊት በየብስ ሞልቶ መያዝ ይሻላል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ገደማ ሲደርስ ግማሹ አልቋል።

ገመድና ፊውዝ

በ12 ቮልት ሥራ ቀጭን ገመድ የድምፅም የደኅንነትም ጠላት ነው። አምፕሊፋየሩ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ፣ የደርሶ መልስ ገመዱ 10 ሜትር ይሆናል። ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 33 አምፔር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይበላል፤ ገመዱም ይግላል። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ግን የሚያባክነው 0.4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል የሚቆራረጥ ወይም የሚጠፋ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ራሱ ተበላሽቶ ሳይሆን በቀጭን ገመድ ምክንያት ቮልት አጥሮት ነው።

ፊውዝ የሚገጠመው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ለመጠበቅ ነው። በመሆኑም ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ስፍራ ይሁን። ፊውዙ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ብቻ ከሆነ፣ በመካከል ተልጦ የተነካካ ገመድ የባትሪውን ኃይል በሙሉ ይዞ ይነዳል። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ቁራጭ መተካትም በእሳት መጫወት ነው።

የኔጌቲቩ ገመድ እስከ ባትሪው ድረስ በራሱ መዘርጋት አለበት። በመኪና እንደሚደረገው የብረቱን አካል እንደ ገመድ መጠቀም በጀልባ ላይ አይፈቀድም። የእንጨትና የፋይበር ጀልባ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የብረት ጀልባ ላይ ደግሞ በአካሉ በኩል የሚሾልክ ኤሌክትሪክ ውኃ የነካውን ብረት ቶሎ ይበላዋል።

ውኃ፣ ቤንዚንና ሚዛን

የጣና ውኃ ጨዋማ ባለመሆኑ እንደ ባሕር ውኃ መሣሪያን በፍጥነት አያዝግም፤ እርጥበቱ ግን መጋጠሚያዎችን ማበላሸቱ አይቀርም። በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ገመድ ዕድሜው ይረዝማል። መጋጠሚያዎች ተጠማዘው በፕላስተር ከመጠቅለል ይልቅ በመያዣ ተጨምቀው በሙቀት በሚኮማተር ፕላስቲክ ቢሸፈኑ ይመረጣል። ገመዱ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቢታጠፍ የወረደበት ውኃ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ታችኛ ክፍል ይጠራቀማል። አምፕሊፋየርም ሆነ ማብሪያ በነዳጅ ታንክና በሞተር ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለችና። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ጋዝም ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር የሚዘዋወርበት፣ በጠፍር በጥብቅ የታሰረ ቦታ ያስፈልገዋል። አምፕሊፋየሩ ደረቅና አየር የሚያገኝ ስፍራ ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ክብደትም ይታሰብ። ባትሪና ከባድ የስፒከር ሣጥን ጣሪያ ላይ መጫን ጀልባውን ለመገልበጥ የቀረበ ያደርገዋል። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል፣ ቀላሉ ጥሩምባ ብቻ ከፍ ብሎ ይሁን። ኮምፓስ ያለበት ጀልባ ከሆነም የስፒከሩ ማግኔት አቅጣጫውን እንዳያዛባ መራቅ ይኖርበታል።

አሰቃቀልና ማስተካከያ

ስፒከሮች ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ተሰቅለው ወደ አድማጩ ማዘንበል አለባቸው። አንድ ትልቅ ስፒከር ከኋላ ከማስጮኽ ሁለት አነስተኛ ስፒከሮችን ከፊትና ከመካከል ማከፋፈል ይሻላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ያለ ተጨማሪ ዋት 6 ዴሲቤል ይገኛልና። ማይክሮፎን የያዘ ሰው ከስፒከሩ በስተኋላ ከቆመ የፉጨቱ ድምፅ ይቀንሳል።

የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ቤዙ ይሟሽሻል። ለማጣራት፣ ከአምፕሊፋየሩ በተለየ ተራ ስፒከር ላይ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ከገጠመ የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ይገፋል።

በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የግቤት ማስተካከያ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ማጫወቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍቶ፣ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ማስተካከያውን ቀስ ብሎ ማዞር፣ ከዚያም ጥቂት መመለስ ትክክለኛው መንገድ ነው። የሻከረ ድምፅ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን ትንንሽ ስፒከሮች ፈጥኖ ያቃጥላል።

የድምፁ ልክ

በ85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን እስከ 8 ሰዓት መቆየት ለሥራ ቦታ እንደ ወሰን ይወሰዳል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፒከር አጠገብ የሚውሉት ነጂውና ረዳቱ ናቸው፤ ስለዚህ ስፒከር ወደ ነጂው መዞር የለበትም። ነጂው የሌላ ጀልባ ጥሪን፣ ውኃ የወደቀ ሰው ጩኸትን፣ ሞተር የሌለው የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ድምፅን መስማት አለበት። ለዚህም ድምፁን በአንድ እጅ ወዲያው የሚያጠፋ ማብሪያ ከመሪው አጠገብ ቢኖር መልካም ነው።

ጣና በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣናነት የተመዘገበ፣ የወፎችና የጉማሬዎች መኖሪያ፣ የጸሎት ደሴቶችም ስፍራ ነው። ወደ ገዳማትና ወደ ደንገል ዳርቻ ሲቀረብ ድምፁን መቀነስ የአካባቢው ወግ ይጠይቃል።

ከመነሣት በፊት

የጀልባ ባለንብረቶች በእያንዳንዱ ጉዞ ዋዜማ አምስት ነገሮችን ቢያጣሩ ይጠቀማሉ። የሁለቱም ባትሪ ቮልት፣ የፊውዙ ልክና ቦታ፣ የተላጠ ወይም የላላ ገመድ አለመኖሩ፣ ድምፁ ለግማሽ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ በእጅ ሲዳሰስ የጋለ ገመድ አለመገኘቱ፣ እንዲሁም የእሳት ማጥፊያውና የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ቦታቸው ላይ መሆናቸው። ገመድ ከጋለ ልኩ ተሳስቷል ማለት ስለሆነ፣ ሳይስተካከል መነሣት አይገባም።