መኪናና ስልክ በአራዳ

ስልክ በ1880ዎቹ፣ መኪና በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ቤት ገቡ። እዚህ አገር መኪና ውስጥ ሆኖ እንደ ልብ መደወል የተቻለው ግን ሞባይል በ1991 ሲመጣ ነው። እስከዚያስ?

አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ውስጥ፣ በ1938 መኪና ላይ ሬዲዮ ተገጠመ፤ የስልክ ቤቷ ሠራተኛ ከከተማው መስመር ጋር ታገናኛለች። ሲናገሩ ቁልፉን መጫን፣ ሲያዳምጡ መልቀቅ ነው።

እኛም ዘንድ የመኪና ሬዲዮ መገናኛ ነበር፤ ግን ለፖሊስና ለጦሩ። ያለ ፈቃድ መያዙ ክልክል ነው። ጆሮ እንዳይበዛ መሆኑ ነው መቼም!

የፒያሳው ባለታክሲ ግን ጊዮርጊስ አጠገብ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ስልክ ካለው ቡና ቤት ገብቶ፣ ከፍሎ ይደውላል፤ ያውም መስመሩ ካልተያዘ። መኪናው ከተሰበረበትማ ለሚያልፍ ሾፌር፣ «ለቤት ንገርልኝ» ይላል።