የቱርክ ለስላሳ ኀይል በኢትዮጵያና የጨፋ ሸለቆ ሐዲድ

ቱርክ ከ21ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ወዲህ በርዳታ፣ በትምህርት፣ በቅርስ እድሳት፣ በቴሌቪዥን ድራማና በግንባታ በኢትዮጵያ በጎ ስም ለማትረፍ የተከተለችው መንገድ፣ የፖለቲካ ሊቃውንት «ለስላሳ ኀይል» ብለው ከሚጠሩት የመንግሥታት ጥበብ የሚመደብ ነው፤ የዚህም መንገድ ብርታትና ድካም ጎን ለጎን ከሚታዩባቸው ስፍራዎች አንዱ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚገኘው የጨፋ ሸለቆ ነው።

የቱርክ ስም በኢትዮጵያ ዜና መዋዕል ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚያስፈራ ስም ነበረ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኢማም አሕመድ ነፍጠኞችንና መሣሪያ የላከችው፣ እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን የያዘችው የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ነበረችና። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ በኢየሩሳሌም ስላለው የዴር ሡልጣን ገዳም ጉዳይ ወደ ቁስጥንጥንያ ልዑካን ልከዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የኦቶማን ቆንስላ በሐረር ተከፈተ፤ በ1926 ደግሞ የአዲሲቱ የቱርክ ሪፐብሊክ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ተቋቋመ።

አንካራ እ.ኤ.አ. 2005ን «የአፍሪካ ዓመት» ብላ በሰየመችበት ጊዜ የተራድኦ ድርጅቷ ቲካ በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ጽሕፈት ቤቱን በአዲስ አበባ ከፈተ። ድርጅቱ በትግራይ የንጉሥ ነጃሺን መስጊድና መካነ መቃብር፣ በሐረርም የቀድሞውን የኦቶማን ቆንስላ ሕንጻ አሳደሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተላበሱ የቱርክ ድራማዎችን ወደየቤቱ ሲያስገባ፣ ያገር ውስጥ ከያንያን ገበያችንን ነጠቀን ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን ድራማዎቹን አልተዋቸውም። በዐረፋም የቱርክ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ከብት እየገዙና እያረዱ ሥጋውን ለድኾች ማከፋፈላቸው በሙስሊሙ ዘንድ የታወቀ ነው።

የጨፋ ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረጋማ ሜዳ ሲሆን፣ በበጋ ወራት ቆላው ሣሩ ሲደርቅበት የአፋር አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ከብቶቻቸውን ነድተው ይወጡበታል። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ነች። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነ ኦሮሞ በመሆኑ የቱርክን ወዳጅነት በሃይማኖት ብቻ መተርጐም ለታዛቢ ይቀልለዋል፤ ግን እነ ሼኽ ጀውሀር ቢን ሐይደርን የመሰሉ ሊቃውንት ያስተማሩበት፣ በአካባቢው በተራራ ራስ ላይ በድንጋይ የተሠራው የሾንኬ መንደር ሸለቆው ለሃይማኖት ዕውቀት ከአንካራ የሚበደረው እንደሌለ ያሳያል። ከቱርክ የመጣው አዲስ ነገር ሐዲዱ ነው።

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የምድር ባቡር መሥመር እንዲሠራ ውሉን እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋዋለው ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከገንዘቡ ከፊሉ ከቱርክ ኤክሲም ባንክ፣ የሚበልጠው ክሬዲ ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ ባንክ ካስተባበራቸው አበዳሪዎች በብድር ተገኘ። እንግዲህ ይህ ስጦታ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የምትከፍለው ዕዳ ነው፤ ሆኖም ሥራው በቱርክ ስም ስለሚጠራ ምስጋናውም ወቀሳውም ወደ እርሷ ያመራል።

መሥመሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር እ.ኤ.አ. በ2021 የትግራይ ጦርነት ወደ ወሎ ወርዶ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳረሰ፤ የባቡር ፕሮጀክቱም ንብረት ለዘረፋና ለጉዳት ተጋለጠ። የነጃሺ መስጊድም ቀደም ብሎ በ2020 መጨረሻ በዚሁ ጦርነት ተጎድቶ ነበር። በዚያው በ2021 ኢትዮጵያ የቱርክን ሰው አልባ አውሮፕላኖች መግዛቷ በሰፊው ስለ ተዘገበ፣ አንዱ የቱርክን መሣሪያ ሲያመሰግን ሌላው ይረግመው ጀመር፤ በድራማና በእድሳት በዓመታት የተገነባው መልክ በወራት ውስጥ ሁለት ተከፈለ። አንካራ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አስታርቃ መግለጫ ስታስፈርም የሽምግልና ክብርን አተረፈች፤ የጨፋ ገበሬ ግን ቱርክን የሚመዝናት ባቡሩ እህሉንና ከብቱን ጭኖ ሲሄድ ባየ ቀን ነው።