የባልዲ ዘመን በካርቱም

በካርቱም ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ሪያድ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የታወቀ ሰፈር ነው። ሆኖም ሰፈሩ የተቋቋመው ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማይቱ ስትሰፋ ስለሆነ፣ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል የነበረውን የጽዳት ታሪክ ለመመርመር ቀደም ሲል በከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ነበሩት ዴሞች መሄድ አለብን። ዴም በርበር፣ ዴም ታዓይሻ፣ ዴም አቡ ሪሐን ይባሉ ነበር።

እንግሊዞች ካርቱምን እ.ኤ.አ. በ1898 ከያዙ በኋላ እንደገና ሲሠሯት ለጤና ጥበቃ ቸል አላሉም። በጎርደን ኮሌጅ የነበረው የዌልካም ላቦራቶሪ ዲሬክተር ሐኪሙ አንድሪው ባልፎር ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወባ ትንኝን ከጉድጓድ ውኃ፣ ከእንፋሎት መርከብም ሳይቀር እያሳደደ ነበር። የዓይነ ምድሩ ነገር ግን በባልዲ ላይ የቆመ ነበር። ባልዲው ከሽንት ቤቱ ሥር ይቀመጣል፤ ሌሊት ሠራተኞች ይሰበስቡታል፤ ከከተማ ውጭ ተወስዶ በቦይ ውስጥ ይቀበራል። (በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛው ጅብ እንደነበር ተማሪዎቻችንን ብናስታውሳቸው አይከፋም።)

የፍሳሽ ቦይ ስለምን አልተሠራም? ምድሩ ሜዳ በመሆኑ ፍሳሹን በፓምፕ መግፋት ግድ ነበር፤ ይህም ገንዘብ ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ግን ለዴሞቹ ዋናው ምክንያት የመሬት ሥሪቱ ነው። መንግሥት የመኖሪያ ቦታን በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ደረጃ ከፋፍሎ ሲሰጥ ዴሞቹን ከሁሉ በታች አደረጋቸው። ነዋሪው ቦታውን የሚይዘው ከወር እስከ ወር ብቻ ነበር። ነገ ተነሥ የሚባል ሰው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በጡብ የተገነባ ሽንት ቤት እንዴት ይሠራል? መንግሥትስ ጊዜያዊ ላለው ሰፈር ቧንቧ ይዘረጋልን? ሠራተኛው ሕዝብ ከተማዋን በጉልበቱ እያቆመ፣ እርሱ ራሱ ለአሥርተ ዓመታት «ጊዜያዊ» ሆኖ ኖረ።

ዴሞቹ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ አዲሶቹ ዴሞች ተዛወሩ። በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች የተጠጉት በእነዚህ አዲስ ዴሞች ነው። የፍሳሽ መስመር በ1950ዎቹ ቢሠራም የደረሰው ለመሐል ከተማው እንጂ ለአብዛኛው ነዋሪ አልነበረም። ከመስመሩ ውጭ በቀሩት ሰፈሮች ብዙ ባለ ቤት ፍሳሹን በግቢው ቆፍሮ ወደ ከርሠ ምድር ይለቅ ጀመር፤ የከተማው ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ደግሞ ከዚያው ከርሠ ምድር ነበር።